የመኪና ኤሲ ጋዝ አያልቅም

የመኪናው ኤሲ ማቀዝቀዝ ሲያቆም ብዙ አሽከርካሪ የሚያደርገው አንድ ነው። ወደ ኤሲ ሠሪው ይሄድና «ጋዝ ሙላልኝ» ይላል። ሠሪውም ጌጁን ይሰካል፣ ይሞላል፣ ሒሳቡን ይቀበላል። መኪናው ለሁለት ሳምንት ወይም ለሁለት ወር ደህና ይቀዘቅዝና እንደገና ሞቃት አየር መንፋት ይጀምራል። ባለቤቱም «ጋዙ ቶሎ ቶሎ እያለቀብኝ ነው» ብሎ ይመለሳል። ይህ ልማድ ኪስ ያራቁታል፣ ኮምፕሬሰር ያቃጥላል፣ ከሁሉም የከፋው ደግሞ እውነተኛው ብልሽት ተደብቆ እንዲኖር ያደርጋል።

የኤሲ ጋዝ የሚነድ ወይም በሥራ ብዛት የሚያልቅ ነገር አይደለም። በተዘጋ መስመር ውስጥ ያው ጋዝ ለዓመታት ይዞራል። ከጎማ ቱቦዎቹና ከኮምፕሬሰሩ ዘንግ ማሸጊያ በኩል በጣም ጥቂት እያመለጠ ይሄዳል፤ ቢሆንም ጤነኛ መስመር ብዙ ዓመት ሳይነካ ይሠራል። በየዓመቱ ጋዝ የሚጠይቅ መኪና የሚያፈስበት ቦታ አለው። ጋዙ ሳይጎድል የማያቀዘቅዝ መኪና ደግሞ ሕመሙ ሌላ ነው። መጀመሪያ እነዚህ ሁለቱ ካልተለዩ የቀረው ሥራ ሁሉ ግምት ይሆናል።

ለመለየት መስመሩ የሚሠራውን ማወቅ ያስፈልጋል። እጃችን ላይ ሳኒታይዘር ስናፈስ የሚቀዘቅዘን ፈሳሹ ሲተን ከቆዳችን ሙቀት ስለሚወስድ ነው። ዳሽቦርዱ ውስጥ የተቀበረው ኢቫፖሬተርም የሚሠራው ይኸንኑ ነው። በመንገዶቻችን ላይ በሚገኙት በአብዛኞቹ መኪኖች ውስጥ ያለው አር-134ኤ የተባለው ጋዝ በባሕር ጠለል የአየር ግፊት ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ግፊቱ ወርዶ ኢቫፖሬተሩ ውስጥ ሲገባ ይተንና፣ ነፋሹ በላዩ ላይ ከሚያሳልፈው አየር ሙቀቱን ይወስዳል። ኮምፕሬሰሩ ትነቱን ስቦ ይጨምቀዋል። ተጨምቆ የጋለው ጋዝ ከራዲያተሩ ፊት ወደተገጠመው ኮንደንሰር ይሄዳል፤ እዚያ ሙቀቱን ለውጭ አየር ሰጥቶ ወደ ፈሳሽነት ይመለሳል። ከዚያም እርጥበትና ቆሻሻ በሚይዘው ድራየር በኩል ያልፍና ኤክስፓንሽን ቫልቭ በሚባለው ጠባብ ቀዳዳ ግፊቱ ወርዶ እንደገና ኢቫፖሬተር ይገባል። እንግዲህ ሙቀቱ ከመኪናው እንዳይወጣ የሚያግደው ነገር በሦስት ቦታ ሊኖር ይችላል፦ ውስጥ አየሩ ኢቫፖሬተሩን በደንብ አያገኘውም፣ መሃል ጋዙ እንደሚገባው አይዞርም፣ ወይም ውጭ ኮንደንሰሩ ሙቀቱን መጣል አቅቶታል። የጋዝ መጉደል የመካከለኛው አንድ ምክንያት ብቻ ነው።

ፍለጋው ከውስጥ ቢጀመር ይሻላል፤ እዚያ ያለው ብልሽት ብዙ ጊዜ ርካሽ ነውና። ነፋሹን እስከ መጨረሻው ከፍቶ አየሩ በኃይል መውጣት አለመውጣቱን ማየት ነው። ድምፁ ትልቅ ሆኖ አየሩ ትንሽ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የካቢን ፊልትሮው ነው። በቪትዝ፣ በያሪስና በኮሮላ የዳሽቦርዱን መሳቢያ ጎንና ጎኑን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጎ ወደ ታች ሲለቁት ከኋላው የፊልትሮው ክዳን ይታያል፤ መፍቻ እንኳን አይፈልግም። የአዲስ አበባን አቧራ ሲስብ የከረመ ፊልትሮ ሲወጣ እጥፋቶቹ በአፈርና በደረቀ ቅጠል ተሞልተው አንድ ወጥ ሰሌዳ መስለው ይገኛሉ። በዚህ ውስጥ አየር ያልፋል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ኢቫፖሬተሩም በቂ አየር ሲያጣ ላዩ ላይ ያለው ውኃ ይረጋና በረዶ ይሠራል፣ በረዶውም የቀረውን ክፍተት ይደፍነዋል።

ሌላው የውስጥ ብልሽት የሙቅና የቀዝቃዛ አየር ማደባለቂያው በር ነው። ይህ በር በትንሽ ሞተር ወይም በገመድ ይንቀሳቀሳል። ወደ ሙቅ በኩል ተጣብቆ ከቀረ፣ ኢቫፖሬተሩ ያቀዘቀዘው አየር የሞተሩ ትኩስ ውኃ በሚዞርበት ማሞቂያ ላይ አልፎ ለብ ብሎ ይወጣል። ኮፈኑ ሥር ያለው ወፍራም የኤሲ ቧንቧ ላብ አውጥቶ እየቀዘቀዘ ውስጥ ግን ሙቅ አየር የሚነፋ ከሆነ፣ ጥርጣሬው ወደዚህ በር መሄድ አለበት። እንዲህ ያለው መኪና ጋዝ ቢሞላለት ቀድሞ ጤነኛ የነበረው መስመር ጭምር ይበላሻል።

ቀጥሎ የሚጠየቀው «አያቀዘቅዝም» ከሚለው አልፎ «መቼ ነው የማያቀዘቅዘው?» የሚለው ነው። ለኔ ከማንኛውም መሣሪያ በፊት ብዙ የሚናገረው ይህ ጥያቄ ነው፤ ሠሪ ያልጠየቀውን ባለቤቱ ራሱ ሊነግረው ይገባል። እየሄደ ጥሩ አቀዝቅዞ በትራፊክ መጨናነቅ ሲቆም የሚሞቅ መኪና፣ ኮንደንሰሩ አየር የሚያገኘው ከመንገዱ ብቻ ነው ማለት ነው። ፋኑ አይዞርም፣ ወይም ደክሟል፣ ወይም በኮንደንሰሩና በራዲያተሩ መካከል ጭቃና ነፍሳት ተጠቅጥቀዋል። ሲነሳ ቀዝቅዞ ከረጅም ጉዞ በኋላ አየሩ እየቀነሰ የሚሄድ መኪና ደግሞ ኢቫፖሬተሩ በረዶ ሠርቷል። ኤሲውን አጥፍቶ ነፋሹን ብቻ ለሩብ ሰዓት ያህል ሲያስኬዱት በረዶው ቀልጦ አየሩ ከተመለሰ ነገሩ ተረጋገጠ፤ ከዚያ ፊልትሮው፣ የኢቫፖሬተሩ ሙቀት ለኪ ሴንሰርና የጋዙ መጠን ይታያሉ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ሠርቶ ሲግል ቷ ብሎ የሚለቅ ኮምፕሬሰር ችግሩ ከፑሊው ጋር የሚያያይዘው ማግኔት ነው። መጎተቻው ሰሌዳ ከፑሊው ያለው ርቀት ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙ አይበልጥም። ሰሌዳው ተበልቶ ክፍተቱ ሲሰፋ፣ በዚያ ላይ የማግኔቱ የሽቦ ጥቅል ግሎ የኤሌክትሪክ ጉልበቱ ሲቀንስ፣ ማግኔቱ መሳብ ያቅተዋል። ይህንን አንዲት ቀጭን ዋሸር አውጥቶ ማስተካከል ሲቻል ሙሉ ኮምፕሬሰር የቀየሩ ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

የአገራችን መልክዓ ምድርም በዚህ ምርመራ ውስጥ የራሱ ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የምትገኝ፣ አየሯ ለዘብ ያለ ከተማ ናት። ግማሽ ጋዙ የፈሰሰ ወይም ፋኑ የደከመ መኪና እዚህ ውስጥ «ደህና ያቀዘቅዛል»፤ የሚጠየቀው ትንሽ ነውና። ያው መኪና ከአዳማ ወርዶ መተሐራን አልፎ አዋሽ ሲደርስ፣ ወይም ወደ ሰመራ ሲያቀና፣ የተደበቀው ሁሉ ይወጣል። ባለቤቱ «መንገድ ላይ ተበላሸብኝ» ይላል እንጂ ብልሽቱ ወራት ያስቆጠረ ነው። ቆላ ከመውረድ በፊት ኤሲውን መፈተሽ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሲፈተሽም በቀትር፣ መኪናውን ፀሐይ ላይ አቁሞ፣ መስኮቱንና በሩን ከፍቶ ጭነት ማብዛት ይገባል። ጠዋት በጥላ ሥር የተፈተነ ኤሲ ሁሉ ያልፋል።

አሁን ኮፈኑ ይከፈት። ሞተሩን አስነስቶ ኤሲውን ሲከፍቱ የኮምፕሬሰሩ ፊት «ቀጭ» ብሎ መዞር አለበት፣ ፋኑም አብሮ መነሣት አለበት። ኮምፕሬሰሩ ካልያዘ ፊውዝ፣ ሪሌና ሽቦ ይታያሉ። የጋዙ ግፊት ከመጠን በታች ወርዶ ሴንሰሩ ሆን ብሎ አጥፍቶትም ሊሆን ይችላል። ያለ ጋዝ የሚዞር ኮምፕሬሰር ዘይት ስለማያገኝ ይነክሳል፤ ሴንሰሩ ያለው ይህን ለመከላከል ነው። ስለዚህ ሴንሰሩን በሽቦ አገናኝቶ ኮምፕሬሰሩን በግድ ማዞር ትልቅ ጥፋት ነው። አንድ ማሳሰቢያ፦ በብዙ አዳዲስ መኪኖች ማግኔት የሚባል የለም። ፑሊው ሁልጊዜ ይዞራል፣ የሚጨመቀውን መጠን የሚወስነው ውስጡ ያለ ቫልቭ ነው። በእነዚህ ላይ «ቀጭ» የሚለውን ድምፅ መጠበቅ ያሳስታል።

ኮምፕሬሰሩ ከያዘ በኋላ እጅ ጥሩ መሣሪያ ነው። ቺንጋውንና ፋኑን ተጠንቅቆ ከዳሽቦርዱ የሚመጣውን ወፍራም ቧንቧ መንካት ነው፤ መቀዝቀዝና ላብ ማውጣት አለበት። ቀጭኑ ለብ ማለት አለበት። ከኮምፕሬሰሩ ወደ ኮንደንሰሩ የሚሄደው ስለሚያቃጥል በቀጥታ አይያዝም። ወፍራሙ ከቀዘቀዘ መስመሩ እየሠራ ነው፤ ጥፋቱ ውስጥ ነው። ሁለቱም አንድ ዓይነት ሙቀት ካላቸው ጋዙ አይዞርም። ቀጭኑ ቧንቧ በመሃሉ አንድ ቦታ ላይ በድንገት የሚቀዘቅዝ ወይም ውርጭ የሚያወጣ ከሆነ እዚያ ላይ መዘጋት አለ።

ጌጅ የሚሰካው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ አድሮ ሲሰካ የዝቅተኛውና የከፍተኛው ግፊት መርፌዎች እኩል ያሳያሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ይህን ንባብ ሲተረጉም ነው። መስመሩ ውስጥ ጥቂት ፈሳሽ እስካለ ድረስ፣ ጠፍቶ ባለበት የሚታየው ግፊት የሚወሰነው በሙቀቱ ብቻ እንጂ በጋዙ ብዛት አይደለም። በ20 ዲግሪ ሙቀት አር-134ኤ በባሕር ጠለል 68 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ 72 ያህል ያሳያል። የአራቱ ልዩነት ጌጁ የሚለካው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ግፊት ስለሆነ የሚመጣ ነው። መኪናው ውስጥ 250 ግራምም ይኑር 450 ግራም ንባቡ ያው ነው። «70 ያሳያል፣ ጋዙ ሙሉ ነው» የሚል ሠሪ እንግዲህ ምንም አልለካም። ይልቅ ይህ ንባብ ለሌላ ነገር ይጠቅማል። ለሙቀቱ ከሚገባው በጣም ከበለጠ ውስጡ አየር ገብቷል ወይም ሌላ ጋዝ ተቀላቅሏል። ለቤት ኤሲ የሚውለው አር-22 በተመሳሳይ ሙቀት ግፊቱ እጅግ ይበልጣልና የተሳሳተ ሲሊንደር በዚህ ይጋለጣል።

ሞተሩ በ1,500 ዙር ሲሠራ፣ ወደ መኪናው የሚገባው አየር ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ከሆነ፣ የቶዮታ የጥገና መጻሕፍት ዝቅተኛው ግፊት ከ21 እስከ 36፣ ከፍተኛው ደግሞ ከ199 እስከ 228 ፒ.ኤስ.አይ. እንዲሆን ይጠብቃሉ። ይህ መስፈርት የተጻፈው ለሞቃት አየር እንደሆነ መዘንጋት የለበትም። አዲስ አበባ ላይ ውጩ 22 ዲግሪ ሲሆን በጤነኛ መስመር ከፍተኛው ግፊት 150 ቢሆን አያስደንቅም። ሠሪው 200ን ፈልጎ ጋዝ እየጨመረ ከሄደ ኮንደንሰሩን በፈሳሽ ያጨናንቀዋል። አዲስ አበባ ላይ ነገሩ አይታወቅም። አዋሽ ላይ 38 ዲግሪ ሲመታው ግን ግፊቱ ይተኮሳል፣ ኮምፕሬሰሩ ያቃስታል፣ የመከላከያው ሴንሰርም እያቋረጠ ያጠፋዋል። ባለቤቱ በዚያ ሙቀት ተቀምጦ «ጋዝ አልቆብኛል» ብሎ ሌላ ሠሪ ይፈልጋል።

የሁለቱ መርፌዎች ጥምረት የየራሱ ትርጉም አለው። ሁለቱም ካነሱ ጋዙ ጎድሏል። ሁለቱም ከበዙ ጋዙ ተርፏል፣ ወይም አየር ገብቷል፣ ወይም ኮንደንሰሩ አየር አጥቷል፤ የመጨረሻውን ለመለየት ኮንደንሰሩ ላይ ውኃ ማፍሰስ ይበቃል፤ ግፊቱ ወዲያው ከወረደ ሕመሙ ፋኑ ወይም ቆሻሻው ነው። ዝቅተኛው በዝቶ ከፍተኛው ካነሰ ኮምፕሬሰሩ መጭመቅ አቅቶታል። ዝቅተኛው ከዜሮ በታች ገብቶ ከቆየ በኋላ በራሱ የሚመለስ ከሆነ መስመሩ ውስጥ ያለ እርጥበት ቫልቩ ላይ በረዶ እየሠራ እየዘጋው ነው፤ በረዶው ሲቀልጥ መኪናው ደግሞ ደህና ያቀዘቅዛል። ይህ የመጨረሻው ብዙዎችን ያደናገረ ነው፤ ጋራዥ ሲደርስ ሁልጊዜ ጤነኛ ሆኖ ይገኛልና።

ጋዙ መጉደሉ ከታወቀ ቀጣዩ ሥራ ቀዳዳውን መፈለግ ነው እንጂ መሙላት አይደለም። ጋዙ ሲያፈስ ዘይት ይዞ ስለሚወጣ፣ በዘይቱ ላይ አቧራ ተጣብቆ ጥቁር እርጥብ ምልክት ይሠራል። የኮንደንሰሩ የፊት ገጽ በጠጠር ይመታል፤ የቧንቧ መጋጠሚያዎች ውስጥ ያሉት የጎማ ቀለበቶች ይደርቃሉ፤ የጋዝ መሙያው ቫልቭም ክዳኑ ከጠፋ ቀስ ብሎ ያፈሳል። የኮምፕሬሰሩ ዘንግ ማሸጊያ ደግሞ ኤሲው ለወራት ሳይከፈት ሲቀር ይደርቃል፤ በክረምትም ቢሆን በሳምንት አንዴ ለአሥር ደቂቃ ያህል ማስኬድ የሚመከረው ስለዚህ ነው። ከባዱ የኢቫፖሬተሩ ማፍሰስ ነው፤ እሱን ለማግኘት የጋዝ ማሽተቻ መሣሪያውን ከመኪናው ሥር ውኃ በሚንጠባጠብበት ቱቦ አፍ ላይ መያዝ ይረዳል። ናይትሮጅን ሞልቶ በሳሙና አረፋ መፈተሽ ርካሽና አስተማማኝ ዘዴ ነው። በጎማ መንፊያ አየር መሞከር ግን እርጥበትን በገዛ እጅ መስመሩ ውስጥ ማስገባት ነው።

ቀዳዳው ከተደፈነ በኋላ መስመሩ በቫኪዩም ፓምፕ ይመጠጣል፤ አየሩ እንዲወጣ፣ እርጥበቱም በዝቅተኛ ግፊት ፈልቶ እንዲተን ነው። መጻሕፍቱ መርፌው 29 ኢንች ሜርኩሪ እስኪደርስ ይላሉ። አዲስ አበባ ላይ ይህ ሊሆን አይችልም፤ የከተማዋ የአየር ግፊት ራሱ ከ22 ኢንች ብዙ አይበልጥምና መርፌው እዚያው ይቆማል። ፓምፑ ደክሞ ሳይሆን የሚመጠጠው አየር ቀጭን ሆኖ ነው። ሠሪው መርፌው ሲቆም ወዲያው ማቋረጥ የለበትም፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያህል ካስኬደው በኋላ ዘግቶ መርፌው አለመመለሱን ማየት አለበት።

ጋዙ የሚሞላው በሚዛን ነው። ኮፈኑ ሥር ወይም ፊት ለፊት ያለው ተለጣፊ ወረቀት የጋዙን ዓይነትና መጠኑን በግራም ይናገራል። ብዙ ትንንሽ መኪኖች ከ300 እስከ 500 ግራም ብቻ ይይዛሉ፤ በግምት የተጨመረ 100 ግራም ለእነዚህ ትልቅ ስሕተት ነው። ሚዛን የሌለው ሠሪ ጥሩ እጅ ቢኖረውም ይህን ሥራ በትክክል ሊሠራ አይችልም ብዬ አምናለሁ። ሲጨርስ በመካከለኛው አየር መውጫ ላይ ቴርሞሜትር አስገብቶ፣ የውስጡ አየር እንዲዞር አድርጎ፣ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ መድረሱን ማሳየት አለበት።

አሮጌውን ጋዝ ወደ አየር መልቀቅም ልማድ ሆኗል። ድሮ መኪኖች ላይ የነበረው አር-12 የኦዞንን ሽፋን ስለሚጎዳ በ1987 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት እንዲቀር ተደርጓል። የተካው አር-134ኤ ኦዞንን ባይጎዳም አየር ላይ ሲለቀቅ የሚያመጣው ሙቀት ከተመሳሳይ ክብደት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,000 እጥፍ በላይ ነው፤ የ2016 እ.ኤ.አ. የኪጋሊ ማሻሻያ ይህንም እንዲቀንስ የጠየቀው ለዚህ ነው። አዳዲሶቹ መኪኖች ውስጥ ያለው አር-1234ዋይኤፍ በዚህ በኩል ይሻላል፤ ግን በመጠኑ ተቀጣጣይ ነው፤ ከአር-134ኤ ጋርም አይደባለቅም።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አዲስ አበባን እየሞሉ ያሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች ለኤሲ ሠሪው አዲስ ነገር ይዘው መጥተዋል። ቺንጋም ማግኔትም የላቸውም፤ ኮምፕሬሰሩ በመቶዎች በሚቆጠር ቮልት በራሱ ሞተር ይዞራል። ብርቱካናማ ሽቦዎቹን ሥልጠና የሌለው ሰው ፈጽሞ መንካት የለበትም። በብዙዎቹ ያው መስመር ባትሪውንም ያቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ጋዙ ሲጎድል ተሳፋሪው ከመሞቁ ሌላ ፈጣን ቻርጅም ሊዘገይ ይችላል። ከሁሉም የሚያሳስበው ግን ዘይቱ ነው። በቺንጋ የሚዞር ኮምፕሬሰር የሚወስደው ፓግ የሚባል ዘይት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ የኤሌክትሪኩ ኮምፕሬሰር የሚፈልገው ኤሌክትሪክ የማያሳልፈውን ፒኦኢ ነው። ለቪትዝ ሲሠራ የዋለ የጌጅ ቱቦ ውስጥ የቀረ ጥቂት ፓግ እንኳ ወደዚህ መስመር ከገባ የሞተሩን ጥቅል መከለያ ያዳክማል፤ መኪናው የኤሌክትሪክ መፍሰስ አግኝቻለሁ ብሎ አልነሣም ሊል ይችላል፤ ጥገናውም መላውን መስመር እስከመቀየር ይደርሳል። እንዲህ ያለ መኪና ያለው ሰው ጌጁ ከመሰካቱ በፊት ለኤሌክትሪክ መኪና የተለየ ቱቦ መኖሩን፣ የሚጨመረው ዘይት የትኛው እንደሆነ ይጠይቅ። ሠሪው ጠርሙሱን አውጥቶ ካላሳየው መኪናውን ይዞ ሌላ ቦታ ይሂድ።